አንድ በቅሎ፣ ስድስት አፍ፦ ሰሜን ተራሮችን በትንሽ ወጪ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

እንደምን ከረማችሁ። መስቀል አልፎ ሰማዩ ሲጠራ በከተማችን በየዓመቱ የሚነሣ ወሬ አለ፤ «ሰሜን ተራራማ የፈረንጅ ነው፣ የእኛ ኪስ አይችለውም» ይባላል። ይህን ፒያሳ ተቀምጦ የሚናገር ወጣት ከጎንደር እስከ ሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ መግቢያ ከተማ፣ እስከ ደባርቅ፣ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ያውም አስፋልት መሆኑን አሳምሮ ያውቃል። የማያውቀው ገንዘቡ በየት በየት እንደሚያልቅ ነው። «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» እንዲሉ፣ አራት ጓደኛሞች ከጎንደር ገበያ በሚገኝ ስንቅና ልብስ ፓርኩን በእግራቸው ሊያዩት ይችላሉ። ለአንባቢዎቻችሁ ይጠቅም እንደሆነ ዝርዝሩን ልጻፍ። የብር ዋጋ ሆን ብዬ ትቻለሁ፤ ዛሬ የጻፍሁት ጋዜጣው ታትሞ እስኪነበብ ይለወጣል። ኪሎውንና ሊትሩን ግን ገበያ አይለውጠውም።

ከሁሉ በፊት የመንገዱ ሰላም ይጠየቅ። ከመነሣት በፊት ባለው ቀን ደባርቅ ካለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤትና ከሚኒባስ ሾፌሮች ሁለቱንም መጠየቅ ነው። አንዳቸው ካመነቱ ጉዞውን ማቆየት ነው፤ ተራራው የትም አይሄድ።

ወጪው ሁለት ዓይነት ነው። መግቢያውና የድንኳን መትከያው በነፍስ ወከፍ ይከፈላል፤ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ ዜጋው ያነሰ ስለሆነ መታወቂያ አይረሳ። ስካውቱ (አብሮ የሚሄደው የፓርኩ ጠባቂ)፣ በቅሎውና ባለ በቅሎው ግን የሚከፈላቸው በቀን ነው፤ አንድ ሰው ቢሄድም አራት ቢሄዱም ያው ነው። ስለዚህ ብቻውን የሚሄድ ሰው ሆዱን ቢቆጥብም ከአራቱ የእያንዳንዳቸውን ብዙ እጥፍ ይከፍላል። አራት ጥሩ ቁጥር ነው፤ ሁለት ድንኳን፣ አንድ ምድጃ፣ አንድ በቅሎ። አምስተኛ ሰው ሲጨመር ሦስተኛ ድንኳንና ሁለተኛ በቅሎ ይዞ ይመጣል።

በቅሎው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ክርክር የሚነሣው እዚህ ላይ ነውና። አንድ አጋሰስ በዚያ አቀበት ከ45 ኪሎ በላይ ሊጫንበት አይገባም። የአራት ሰው ጓዝ ሲመዘን ስንቁ 18፣ ምድጃ ከነላምባውና ከነድስቱ 8፣ ሁለት ድንኳን 7፣ የመኝታ ከረጢትና ስፖንጅ 10፣ ልብስ 12 ኪሎ፣ በድምሩ 55 ይሆናል። ልብሱን እያንዳንዱ በጀርባው ከያዘ 43 ኪሎ ይቀራል፤ አንድ በቅሎ በቃው ማለት ነው። ጓዙ በሁለት ማዳበሪያ እኩል ተከፍሎ ይታሰር። በአንድ ትልቅ ሻንጣ የመጣ ዕቃ ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል፣ መጫኛው የበቅሎዋን ጎን ይልጠዋል፣ ባለ በቅሎው በየግማሽ ሰዓቱ እያቆመ ያስተካክላል። ሌላው ክፍያው ነው። ጉዞው ጨነቅ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ላይ ካበቃ፣ በቅሎው ባዶውን ወደ ደባርቅ የሚመለስባቸው ቀናትም ይከፈላሉ። ይህ ማታለል አይደለም፤ ሰውየው ያን ቀን ሌላ ሥራ አይሠራም። ግን ስንት ቀን እንደሚታሰብ ከመነሻው፣ ስካውቱ ባለበት፣ ቁርጡ ይነገር።

መንገዱን በተመለከተ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሄድ የምመክረው ይህን ነው። የመጀመሪያው ቀን ጠዋት ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት አድርጎ ደባርቅ መግባት፣ ወረቀቱን መጨረስ፣ ድንች ገዝቶ እዚያው ማደር። በማግስቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት በእግር ወደ መጀመሪያው የድንኳን ሰፈር፣ ወደ ሳንቃበር መነሣት፤ ከ7 እስከ 8 ሰዓት ያስኬዳል። ሦስተኛው ቀን የጅንባርን ፏፏቴ አይቶ ሁለተኛው ሰፈር ግጭ መግባት፣ የ5 ወይም የ6 ሰዓት መንገድ ነው። አራተኛው ቀን በእሜት ጎጎ፣ 3,926 ሜትር ላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ ዞሮ ጨነቅ ይገባል፤ ረጅሙ ቀን ይህ ነው፣ 8 ሰዓት መመደብ ይሻላል። ዋልያን ለማየት ከጨነቅ የተሻለ ቦታ የለም፤ ጠዋት ፀሐይ ሲነካቸው ገደሉ ላይ ይወጣሉ። ጉልበት የተረፈው በማግስቱ ሌሊት ተነሥቶ 4,430 ሜትር የሚሆነውን የቧሂትን ተራራ በ3 ሰዓት ገደማ ጉዞ ይወጣል። ራስ ዳሸን፣ 4,533 ሜትር፣ ከጨነቅ ወዲያ ቢያንስ ሦስት ቀን ይጨምራል፤ የመሸሃን ወንዝ ወርዶ እንደገና መውጣት አለ። በትንሽ ወጪ ለሚሄድ ጀማሪ አይመከርም።

ከጨነቅ መመለሻው ላይ ነው ብዙ ሰው የቆጠበውን ሁሉ የሚያጣው። የኮንትራት መኪና ከደባርቅ ማስመጣት ከጉዞው ሁሉ ውድ ነው። ወደ ጃናሞራ የሚመላለሱ መኪኖች በፓርኩ መንገድ ያልፋሉ፤ ግን ጨነቅ ሲደርሱ ሞልተው ነው፣ ሰዓታቸውም አይታወቅም። እኔ የምለው፦ የበቅሎው የመልስ ቀን ለማንኛውም የሚከፈል ከሆነ ለምን ባዶውን ይመለሳል? ሁለት ቀን ስንቅ ጨምሮ (ሲነሡ ከ45 ኪሎ የሚተርፈውን በየጀርባው ተካፍሎ)፣ ጓዙን በእሱ ላይ እንደጫኑ በሳንቃበር አድርጎ በእግር ደባርቅ መመለስ ነው። የሁለት ቀን ሽሮ ከኮንትራት መኪና ጋር አይወዳደርም።

ስንቅ ሲታሰብ አፍ የሚቆጠረው ስድስት ነው። ስካውቱና ባለ በቅሎው የራሳቸውን ይይዛሉ ቢባልም፣ በዚያ ብርድ ለብቻ መብላት በእኛ አገር ነውር ነው፤ አስቀድሞ መቁጠሩ ይሻላል። ለአንድ ሰው ለአንድ ቀን ድርቆሽ 250 ግራም፣ በሶ 150፣ ቆሎ 100፣ ሽሮ 80፣ ስኳር 50፣ ዘይት 30 ሚሊ ሊትር። ለስድስት ሰው ለአራት ቀን ሲባዛ ድርቆሽ 6 ኪሎ፣ በሶ 3.6፣ ቆሎ 2.5፣ ሽሮ 2፣ ስኳር 1.2 ኪሎ፣ ዘይት ሦስት ሩብ ሊትር ይመጣል። ለለውጥ 2 ኪሎ መኮሮኒ ይጨመር። ጨው፣ በርበሬ፣ ሻይ ቅጠልና ሎሚ ከዚህ ውጭ ናቸው። ሁሉም ቅዳሜ ገበያ ይገኛል፣ ሁሉም የጾም ነው። የፍስክ ቀን ከሆነ ግማሽ ኪሎ ቋንጣ ድርቆሹን ሌላ ያደርገዋል።

እንጀራ ለምን አይያዝም የሚል አለ። ከግማሽ በላይ ክብደቱ ውሃ ነው፤ በበቅሎ ጀርባ ላይ ይፈረፈራል፣ በሦስተኛው ቀን ይሻግታል። ድርቆሽ ግን ውሃውን ቤት ትቶ የመጣ እንጀራ ነው። ከመነሣት አራት ቀን በፊት ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ በደንብ መድረቅ አለበት፤ መሐሉ እርጥብ ከሆነ እሱም ይሻግታል። ምስርና ባቄላ ቤታቸው ይቅሩ። ግጭ ላይ፣ 3,600 ሜትር ገደማ፣ ውሃ የሚፈላው በ88 ዲግሪ ስለሆነ ክኩ ላምባውን ጨርሶም አይበስልም። ሽሮ ቀድሞ የተቆላ ዱቄት በመሆኑ ይህ አያሳስበውም፤ ትንሽ ረዘም አድርጎ ማንተክተክ ነው። መኮሮኒም ቢሆን ከተጻፈበት ደቂቃ ግማሽ ያህል ይጨመርለት።

በድሮ መመሪያዎች «ግጭ መንደር እንቁላልና ዳቦ ይገዛል» የሚል አለ። የግጭ ነዋሪዎች በ2008 ዓ.ም. ወደ ደባርቅ ተነሥተው ስለሰፈሩ አሁን እዚያ የሚሸጥ የለም። ከደባርቅ ያልተገዛ ነገር ወደ ላይ አይገኝም።

እንጨት ከፓርኩ መልቀም ክልክል ነው፤ አስታ የምትባለዋ ዛፍ በዚያ ብርድ ቀስ ብላ ነው የምታድግ። ለስድስት ሰው ለአራት ቀን 3 ሊትር ላምባ ይበቃል። ላምባው በጨርቅ ይጠለል፣ ቀጭን መርፌም ይያዝ፤ የምድጃው ቀዳዳ በቆሻሻ ሲደፈን ነበልባሉ ቢጫ ይሆናል፣ ድስቱን ያጠቁራል፣ ውሃው አይፈላም። አየሩ ስስ በመሆኑም ነበልባሉ ይደክማልና ከነፋስ በድንጋይ ይከለል። ድንኳን ውስጥ ግን ምድጃም ይሁን ከሰል በፍጹም አይገባም። የከሰል ጢስ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል፤ ቤታችን በር ዘግተን የምናውቀው አደጋ በድንኳን ይብሳል።

ስለ ብርድ። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሣሩ አመዳይ ለብሶ ይገኛል። የሚበርደው ከላይ ብቻ የሚመስለው ሰው ጋቢ ይደርብና ከታች መሬቱ ሙቀቱን ሲመጥጠው ያድራል። መጀመሪያ ማዳበሪያ፣ ከዚያ ስፖንጅ፣ ከዚያ የመኝታ ከረጢቱ፣ ጋቢው ከሁሉ በላይ። ጋቢ ደረቅ ሲሆን ወርቅ ነው፤ ጥጥ ስለሆነ ከረጠበ ግን ውሃውን ይዞ ያቀዘቅዛል፣ በአንድ ቀንም አይደርቅም። ስለዚህ በላስቲክ ተጠቅልሎ ይጫን፣ ለመንገድ አይለበስ። ለመንገድ ከሰልባጅ የሚገኝ ሹራብና ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ይበቃል። አዲስ ጫማ በዋዜማው የገዛ ሰው ሳንቃበር ሳይደርስ እግሩ ውሃ ይቋጥራል፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት በጎንደር ዳገት ይለመድ። አረቄ ያሞቃል የሚባለው እውነት አይደለም፤ ደሙን ወደ ቆዳ ስለሚያወጣው ለጊዜው ይሞቃል፣ ሙቀቱ ግን በዚያው ይወጣል።

«እኛ ደገኞች ነን፣ ከፍታ አይነካንም» የሚለውም እንዲሁ ነው። ጎንደር 2,150 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ግጭ ላይ አየሩ ከጎንደሩ በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ከላይ የጻፍሁት መንገድ መኝታውን ከ2,850 ወደ 3,250፣ ከዚያ ወደ 3,600 የሚያሳድገው ሆን ተብሎ ነው፤ በቀን ከ400 ሜትር አይበልጥም። ጠዋት ከጎንደር በመኪና ተነሥቶ ማታ ጨነቅ የሚያድር ነው ራሱን የሚያመው፣ የሚያቅለሸልሸው። ራስ ምታቱ ቀላል ከሆነ ማረፍ፣ ውሃ መጠጣት፣ ወደ ላይ አለመቀጠል ነው። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ ወይም ተቀምጦ ሳለ ትንፋሽ ካጠረው ሌሊትም ቢሆን ወደ ታች ይውረድ፤ ነጭ ሽንኩርት እያላመጡ ንጋትን መጠበቅ የለም።

ውሃ ከምንጭ ይገኛል፣ ግን ከብት ያለፈበት ነው። ሦስት ደቂቃ ማፍላት ይበቃል። ውሃ አጋር የተባለውን የውሃ ማከሚያ ክሎሪን የሚጠቀም መጠኑን ከጠርሙሱ ላይ አንብቦ ያድርግ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለሆነ ክሎሪኑ ዝግ ይላልና ከተጻፈው ጊዜ እጥፍ ይጠብቅ። እያንዳንዱ ሁለት ሃይላንድ ሞልቶ ይነሣ።

ስንቁ ክዳን ባለው ባልዲ ይቀመጥ። ሰፈሩ ላይ ቁራው ሳሙና ሳይቀር ይወስዳል፤ ሌሊት አይጥ ማዳበሪያውን ይቀዳል። ለጭላዳ ዝንጀሮ ምንም አይሰጥ፤ ሣሩን ይብላ። ስልክ በብርድ ባትሪው ቶሎ ስለሚያልቅ ከመኝታ ከረጢቱ ውስጥ ይደር።

ለእናንተ አንድ ሐሳብ አለኝ። በየዓመቱ መስከረም መጨረሻ ላይ የመግቢያውን፣ የስካውቱን፣ የበቅሎውንና የመልስ ቀኑን የወቅቱን ክፍያ ከሚመለከተው ጽሕፈት ቤት ጠይቃችሁ በአንድ ትንሽ ሣጥን ብታወጡት፣ አራት ተማሪዎች ቁጭ ብለው በወረቀት ሊደምሩት ይችላሉ።

ተመልሰው ጎንደር ሲገቡ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፦ ድንኳኑ። የግጭ አመዳይ ቀልጦበት እርጥብ እንደሆነ ተጣጥፎ ከረጢቱ ውስጥ ከተተወ በሳምንቱ ሻግቶ ይገኛል፣ ኪራይ ከሆነ መያዣው ይቀራል። በዚያው ማታ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ ይሰጣ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር