ዳጋ እስጢፋኖስ ከካርታው ላይ የት ሄደች?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ወር ስለ እምቦጭ ካወጣችሁት ጽሑፍ ጎን የጣና ሐይቅ ካርታ ነበር። ጽሑፉን ወድጄዋለሁ። ካርታው ግን አላስቀመጠኝም። የሐይቁ ዳር እንደ እንቁላል ለስልሷል። ዘጌ ትንሽ ጉብታ ሆና ቀርታለች። ደቅ ደሴት አለች፤ አጠገቧ ያለችው ዳጋ እስጢፋኖስ ግን የለችም። ክብራንና እንጦስም የሉም። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ እንጀራዬም ጂአይኤስ፣ ማለትም በኮምፒውተር ካርታ መሥራት፣ ነው። ምን እንደተደረገ ወዲያው ገባኝ። አንድ ሰው የመስመሩን ነጥቦች ቀንሶ አቅልሎ፣ አለስልሶ፣ መልሶ ሳያየው ልኮላችኋል።

ማቅለሉ ራሱ ጥፋት አይደለም። ሳተላይት ውኃውን የሚያየው በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ነው። በሴንቲኔል 2 ምስል አንዷ አራት ማዕዘን 10 ሜትር በ10 ሜትር ናት፤ በላንድሳት 30 በ30። ውኃውን ከመሬቱ ለይታችሁ ወደ መስመር ስትቀይሩት ዳሩ እንደ ደረጃ ይሰባበራል። 3,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ሐይቅ እንዲህ ሲሳል መስመሩን የሚሠሩት ነጥቦች በዝተው ኮምፒውተሩ ይንቀራፈፋል። ደግሞም የጣና ዳር ደረጃ የለውም። ስለዚህ መስተካከል አለበት።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1973 ዳግላስና ፖይከር ያሳተሙት ነው። ከመስመሩ መጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቀጥ ያለ ክር እንደተወጠረ አስቡት። ከክሩ በጣም የራቀው ነጥብ ይፈለጋል። ርቀቱ እኛ ከሰጠነው ልክ ካነሰ በመሃል ያለው ነጥብ ሁሉ ይጣላል። ከበለጠ ያ ነጥብ ሳይጣል ይያዛል፤ በግራና በቀኙ ደግሞ ሌላ ክር ይወጠራል። እ.ኤ.አ. በ1993 የወጣው የቪስቫሊንጋምና የዋያት ዘዴ ግን ሦስት ተከታታይ ነጥቦች የሚሠሩትን ሦስት ማዕዘን ስፋት ያያል፤ ትንሿን እያነሳ ይሄዳል። ለወንዝና ለሐይቅ ዳር እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ። የዳግላስና የፖይከር ዘዴ መስመሩን ሹል ሹል ያደርገዋል።

ማለስለስ ግን ሌላ ሥራ ነው። ማዕዘኑን እየቆረጠ አዲስ ነጥብ ይጨምራል። ማንም ሄዶ ያልለካው ነጥብ ነው። ለዓይን ያምራል፤ እሱን ማንም አይክደውም።

ስናቀልል የምንሰጠውን ልክ የሚወስነው የካርታው ስኬል ነው። በ1:50,000 ካርታ ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር የሆነ ቀጭን መስመር መሬት ላይ 15 ሜትር ይሸፍናል። ከዚያ ያነሰች ጥምዝ ብትቀር አንባቢ አይጎዳም። ለጋዜጣ ትንሽ ካርታማ 100 ሜትርም ያስኬዳል። አንድ ወጥመድ አለ፤ ጀማሪዎች ሁሌ ይገቡበታል። ፋይሉ በሜትር ሳይሆን በኬክሮስና በኬንትሮስ ዲግሪ ከሆነ «1» ብሎ መጻፍ 1 ሜትር ማለት አይደለም፤ 111 ኪሎ ሜትር ገደማ ማለት ነው። ጣና ራሱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያን ያህል አይረዝምም።

ይሄን ያህል የሚያናግረኝ ነገር አለ። ከስምንት ዓመት በፊት በአንድ ወረዳ የገጠር መሬት ምዝገባ ላይ እሠራ ነበር። ገበሬው ከጎረቤቱ ጋር ማሳው ላይ ቆሞ ድንበሩን ያሳያል። መዝጋቢው በአየር ፎቶው ላይ በእስክሪብቶ ያሰምራል። እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ ያንን መስመር ኮምፒውተር ላይ እከተላለሁ። ፋይሉ ከበደ። አለቃዬ «በ3 ሜትር አቅልለው» አለኝ። አቀለልኩት። ይባስ ብዬ እዚያው ዋናው ፋይል ላይ ሴቭ አደረግሁት።

ካርታው ለሕዝብ እይታ ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። አንድ ጋቢ የለበሱ አዛውንት መጡ። ማንበብ አይችሉም። ጣታቸውን ወንዙ ላይ አሳረፉና በማሳዎቹ መሃል ቀስ እያሉ ወደ ላይ ወጡ። የራሳቸው ማሳ ጋ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። «ልጄ፣ እዚህ ጋ እኮ ድንበሩ ዋንዛዋን ዞሮ ነው የሚሄደው» አሉኝ። ጎረቤታቸውም አብረዋቸው ነበሩ። «እውነታቸውን ነው፤ ዋንዛዋ የሳቸው ናት» አሉ። ድንበሩ ዛፏን ለመዞር ወጣ የሚለው ሁለት ሜትር ቢሆን ነው። ከ3 ሜትር ስለሚያንስ ተጣለ። ዋንዛዋ ወረቀት ላይ ለጎረቤት ሆነች። እኚያ ጎረቤት እግዜርን የሚፈሩ ሰው ባይሆኑ ኖሮ ነገሩ ስንት ዓመት ፍርድ ቤት ያመላልስ እንደነበር ገጠር ያደገ ሰው ያውቀዋል።

ቢሮ ተመልሼ ፋይሉን አጉልቼ ሳየው ሌላ ጉድ አገኘሁ። እያንዳንዱ ማሳ ለብቻው ስለቀለለ የጋራው ድንበር ሁለት መስመር ሆኗል። አንዳንዱ ጋ የማንም ያልሆነ ቀጭን ክፍተት አለ። አንዳንዱ ጋ ሁለቱ ማሳዎች ተደራርበዋል። ግራስና ማፕሼፐር የሚባሉት የካርታ ሶፍትዌሮች የጋራውን መስመር አንዴ ብቻ ስለሚያቀሉት ይህ አይደርስባቸውም፤ እኔ ያኔ አላወቅሁም። ያዳነን በእስክሪብቶ የተሰመረው ወረቀት ነው። ከሱ ላይ እንደገና ስንሠራ ስድስት ቀን ፈጀብን። ከዚያ ወዲህ የሰው ድንበር አላቀልልም። ፋይሉ ከከበደ በቀበሌ በቀበሌ እከፍለዋለሁ።

ከእናንተ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ካርታ ስታትሙ ከሥሩ ስኬሉንና «መስመሩ የቀለለ ነው» የሚል አንድ ቃል አስገቡ። ለትንሽ ቦታ የተሠራውን አጉልታችሁ ገጽ አትሙሉበት። ደሴት ለመስመር የሚያንስ ከሆነ በነጥብ ይቀመጥ፤ ስሙም ይጻፍ። ዳጋ ላይ ገዳም አለ፣ ሰው ይኖርበታል፣ ታንኳ ይመላለስበታል። ለካርታ ሠሪ ባልደረቦቼም አንድ ነገር ልበል፦ ከማቅለላችሁ በፊት ዋናውን ፋይል ኮፒ አድርጋችሁ ሌላ ስም ስጡት።

የጣናን ዳር በ100 ሜትር አቅልዬ፣ ደሴቶቹን ሳልነካ የሠራሁት ፋይል አለኝ። ያለ ክፍያ ልልክላችሁ እችላለሁ። ዳጋ፣ ክብራንና እንጦስ ሦስቱም አሉበት።

አክባሪያችሁ፣
የካርታ ባለሙያ፣ ከባሕር ዳር