ፎቶግራፉ የሌላ የእሳት እራት ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ በረሃ ዕፅዋት ባወጣችሁት ጽሑፍ በደቡብ ምዕራብ አሜሪካ የሚገኘው የሞሃቪ በረሃ የጆሽዋ ዛፍ ሰፊ ቦታ ማግኘቱ አስደስቶኛል። አብሮት የታተመው ፎቶግራፍ ግን እንዲታረም እጠይቃለሁ። ከሥሩ «የጆሽዋ ዛፍ የእሳት እራት» ይላል፤ የሚታየው ደግሞ ክንፉ እንደ ወተት የነጣ ነው። ነጮቹ የጆሽዋ ዛፍ ወገን በሆኑት በሌሎች የዩካ ዝርያዎች ላይ የሚኖሩት ናቸው። ለጆሽዋ ዛፍ የአበባ ብናኝ የሚያደርሱት ሁለቱ ዝርያዎች ጠቆር ያሉ ግራጫ ናቸው፤ ላያቸው ሰው ከቢራቢሮ ወገን ይልቅ የተርብ ወገን ይመስሉታል።

ቀለም ብቻውን ግን አይበቃም። በዚያው ዛፍ ላይ ፕሮዶክሰስ የሚባሉ ዘመዶቻቸው አሉ፤ እነዚህ ከዛፉ ይመገባሉ እንጂ ብናኝ አያደርሱለትም። ባዮሎጂ ሳስተምር ተማሪዎቼን «ክንፉን ተዉትና ከአፏ ሥር ተመልከቱ» እላቸው ነበር። እውነተኛዋ እንስት ከአፏ ግራና ቀኝ የሚጠቀለሉ ሁለት ረዣዥም ክንዶች አሏት፤ ወንዱ የለውም። በእነርሱ ብናኙን ሰብስባ፣ አድበልብላ፣ ከራሷ ሥር ትይዘዋለች። ሌላ አበባ ላይ ስታርፍ ዘር በሚቋጠርበት ክፍል ውስጥ እንቁላሏን ትጥልና ብናኙን ከአበባው እንስቴ ጫፍ ላይ ትጠቀጥቀዋለች። አብዛኞቹ ነፍሳት ብናኝ የሚያራግፉት እግረ መንገዳቸውን ነው፤ እርሷ ግን ሥራዬ ብላ ነው! እጮቿ ከዘሩ የተወሰነውን ይበላሉ፣ የቀረው ለዛፉ ይተርፋል። ዳርዊን እ.ኤ.አ. በ1874 በጻፈው ደብዳቤ የዩካን ርክበ ብናኝ እስከዚያ ከታተሙት ሁሉ እጅግ አስደናቂው ብሎታል፤ እኔም እስማማለሁ።

ሁለቱን ዝርያዎች እርስ በርስ መለየት ይከብዳል። በሞሃቪ ምዕራብ የሚገኘው ቴጌቲኩላ ሲንቴቲካ ይባላል። የምሥራቁ ቴጌቲኩላ አንቲቴቲካ አነስ ያለ ሲሆን ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። የእንስቷ እንቁላል መጣያም ያጥራል፤ የምሥራቁ ዛፍ አበባ አንገቱ አጭር ነውና። ፎቶግራፉ የተነሣበት ቦታ ቢታወቅ ግማሹ ሥራ ያልቃል። በኔቫዳው ቲካቡ ሸለቆ ግን ሁለቱም ስለሚገኙ በማጉያ መሣሪያ መለካት ግድ ይላል።

የጆሽዋ ዛፍ ከእነዚህ በቀር ብናኝ አድራሽ የለውም። ስለዚህ ስለ ዛፉ ዕጣ በተጨነቃችሁት መጠን ስለ እነርሱም ተጨነቁ። እርማቱን ስታወጡ ከላይ ሳይሆን ከጎን የተነሣ፣ ክንዶቿና የያዘችው ብናኝ የሚለዩበትን ፎቶግራፍ ምረጡ፤ ከሥሩም ቦታውንና ወሩን ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ መምህርት