ለአባዬ፣ ስለ መረቡ

ይድረስ ለውድ አባዬ፤

እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎ እንዴት አደረገዎ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ባለፈው እሑድ በስልክ «ለወንድምሽ የመረብ መግዣ ላኪለት፣ ሥራ ይጀምር» ሲሉኝ «እሺ» ብዬ ቶሎ የዘጋሁት ተቀይሜ አይደለም። የምለው ነገር በስልክ አልመጣልኝም።

ከጣና ሐይቅ ዳር፣ ከዘጌ በደንገል ታንኳ እየቀዘፉ፣ ታንኳዋ ውሃ ጠጥታ ስትከብድ ደግሞ ሌላ እያሰሩ እንዴት እንደኖሩ ሲያጫውቱኝ ነው ያደግሁት። ያኔ ዳር ዳሩን ቀረሶ የምንለው ዓሣ ይያዛል እንጂ መሀል ባሕር የሚደፍር እንዳልነበረ ይሉ ነበር። ከዚያ በ1978 ዓ.ም. ገደማ ሆላንዶቹ ከእኛ ቤተ ክርስቲያን ጋር ሆነው ሞተርና የናይለን መረብ ይዘው መጡ።

ስለነሱ አንድ ያልነገርኩዎ አለ። ኡርክ የምትባለው ከተማቸው ድሮ ደሴት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1932 ባሕራቸው በግድብ ተዘጋና ጨዋማው ውሃ ቀስ በቀስ ሐይቅ ሆነ። ውሃ ሲለወጥ ዓሣ አጥማጅ ምን እንደሚያይ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰዎች እኮ ናቸው! ክፋት አልነበረባቸውም፤ ድሃ ሲያገኝ ማየት ነበር የፈለጉት። አገኘንም። በሞተር ጀልባ ከጣና የሚወጣው ዓሣ እ.ኤ.አ. በ1987 39 ቶን ነበር፤ በአሥር ዓመት 360 ደረሰ። የቤታችን ቆርቆሮ፣ የእኔ ደብተርና ተማሪ ሳለሁ የባሕር ዳር ቤት ኪራዬ ከዚያ ውስጥ ነው የወጣው። ስለዚህ ተምሬ መጥቼ በእርስዎ ላይ ልፈርድ አልችልም።

ግን ነጩ ዓሣ ነው የሚያሳስበኝ። «ሐምሌ ሲገባ ዓሣው በራሱ ይመጣል» ይሉ ነበር፤ እውነትዎን ነው። እንቁላሉን ሊጥል ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ ግልገል አባይ ሲወጣ ወንዙ አፍ ላይ ይሰበሰባል። መረቡም የሚጣለው እዚያው ነበር። 15 ያህል ዝርያ አለው፤ አብዛኞቹ ከጣና በቀር በዓለም የትም የሉም። አጥኚዎች እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2000 ገደማ ካገኙት ጋር ሲያስተያዩ፣ ወንዝ ወጥቶ የሚራባው ነጭ ዓሣ ብዛቱ በሦስት አራተኛ ቀንሶ ነበር።

ይህን ሲያነቡ ዓሣውን ለማስከር ብርብራ ቀጥቅጠው ወንዝ ውስጥ የሚጨምሩትን እንደሚያነሱብኝ አውቃለሁ። እነሱም አሉበት። በኋላ የመጣው የእምቦጭ አረምም አለ። የዓሣ ሀብት አዋጁ በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ሌሊት ጉማራ አፍ ላይ ግን አዋጅ አይቆምም፣ ሰው ነው የሚቆመው።

ገንዘቡን ልኬያለሁ። ያን እንደ ፀጉር የቀጠነውን፣ ውሃ ውስጥ የማይታየውን ርካሽ መረብ እንዳይገዛ ግን ይንገሩልኝ። ተቆርጦ ባሕር ውስጥ ሲቀር ማንም ሳይጎትተው ዓሣ ሲገድል ይከርማል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ደግሞ ወንዝ አፍ አጠገብ አይጣል። እኔ ብነግረው «የአዲስ አበባ ወሬ» ይለኛል፤ እርስዎን ይሰማል። በዚያ ጊዜ ለቤት የሚጎድለውን እኔ እሸፍናለሁ፣ በዚህ አይጨነቁ።

እዚህ በሁዳዴ ዓሣ ይበላል አይበላም እየተባለ ሲያከራክር ዋጋው ሰማይ ይነካል። እኔ ልክ እንደ እርስዎ አልበላም፤ የሚሸጡበት በር ላይ ሳልፍ ግን ሽታው የእርስዎን ጋቢ ያስታውሰኛል።

ታንኳ ማሰር ያስተማሩዎት የነገደ ወይጦው ወዳጅዎ አሉ? ልጃቸውስ ደንገል ያስራል? ለጥምቀት ስመጣ አንድ እንዲያስርልን ይንገሩልኝ፤ ከእርስዎ ጋር ዳር ዳሩን መቅዘፍ አምሮኛል። ወንድሜ የገዛውንም መረብ ያን ጊዜ አምጡልኝ፣ ዓይኑን በጣትዎ ሲለኩት ልይ።

እማዬን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ