በሩ ላይ ይጠብቅዎታል የተባለው ትኬት

ለጉዞና ትኬት ወኪል ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
ጎንደር

ጉዳዩ፦ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ እንዲመለስልኝ ስለመጠየቅ

ከጎንደር አዲስ አበባ ሄጄ እሁድ ብሔራዊ ቴያትር ሙዚቃዊ ቴያትር ላይ ብዬ በእናንተ በኩል የከፈልኩበት ጉዞ ዝርዝሩ እናንተው ዘንድ ስላለ ከሀ ጀምሬ አልተርክም። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ትናንት ከድርጅታችሁ የደረሰኝ የስልክ መልእክት ነው። ገንዘቤን ስጠብቅ «ጥምቀትን በጎንደር ያክብሩ! ልዩ ቅናሽ አለን» የሚል መጣልኝ። እኔ ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ተወልጄ ያደግሁ ሴት ነኝ። የፋሲል ጥምቀተ ባሕር ከቤቴ በእግር ነው። በቅናሽ ልትወስዱኝ ያሰባችሁት የት ነው? ትዕግሥቴ እዚያ ላይ አለቀ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ቢሮአችሁ መጥቼ ስከፍል ደጋግሜ የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው። አልጋው እንደፈለገ ይሁን፣ መኪናው ቢቀርም ይቅር፣ የእሁዱ ቴያትር ትኬት እርግጠኛ ነው ወይ? ጠረጴዛው ላይ የነበረው ልጅ ከስልኩ ቀና ሳይል «በስምዎ ተይዟል፤ በሩ ላይ ይጠብቅዎታል» አለኝ። አላስቻለኝም፣ ጻፍልኝ አልኩት። በሰማያዊ እስክርቢቶ «እሁድ 8 ሰዓት፣ ብሔራዊ ቴያትር፣ 1 ሰው፣ ተከፍሏል» ብሎ ጻፈና ማኅተም መታበት። የማኅተሙ ግማሽ አልወጣም፤ የእናንተ መሆኑ ግን በደንብ ይነበባል። ወረቀቱ እኔ ጋ አለ።

እሁድ ገና ከምሳ በፊት ቴያትር ቤቱ ፊት ለፊት ያለው አንበሳ ሐውልት አጠገብ ደርሻለሁ። ተራዬ ሲደርስ ስሜን ተናገርኩ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ ደብተሯን ገለጠች፣ ደግማ ገለጠች። ስሜ የለም። የድርጅታችሁን ስም ነገርኳት። ሰምታውም አታውቅ። «እናቴ፣ ከወኪል የመጣልን ነገር የለም፤ የዛሬው ትኬት ደግሞ አልቋል» አለችኝ፣ ራሷ ያጠፋች ይመስል አንገቷን ደፍታ።

ደወልኩላችሁ። ልጁ ስልኩን እስኪያነሳ ሰዉ ሁሉ እየገባ ነው። በሩ በተከፈተ ቁጥር ሙዚቀኞቹ ሲቃኙ ይሰማኛል። ችግሩን ነገርኩት። መልሱን ቃል በቃል ልጻፈው፦ «ማዘር፣ ቴያትር አይደል እንዴ? ምን ያካብዳሉ? ዩቲዩብ ላይ ሞልቷል፣ እዚያ ይመልከቱት።» ከዚያ ጆሮዬ ላይ ዘጋው።

ማዘር መባሌ አልከፋኝም፤ የእሱ እኩያ ልጆች አሉኝ። «ምን ያካብዳሉ» ነው አልዋጥ ያለኝ። ከልጅነቴ የጎንደራችንን የፋሲለደስ ኪነት ቡድን እያየሁ ያደግሁ ነኝ። ጎንደር ሙዚቃ አይጎድላትም፣ አዝማሪም ሞልቷል። እኔ የሄድኩት ዘፈኑ ራሱ ታሪኩን ሲነግር፣ ውዝዋዜው ጠብና ዕርቅ ሲሆን ለማየት ነው። ሙዚቀኛው የተዋናዩን ትንፋሽ ጠብቆ ሲገባ በስልክ አይታይም። ደግሞ የትም አዳራሽ አይደለም የቀረብኝ። በ1948 ዓ.ም. በ«ዳዊትና ኦርዮን» ቴያትር የተከፈተ፣ የሙዚቃ አቀናባሪው ነርሲስ ናልባንድያን ሙዚቀኛ ያሠለጠኑበት ቤት ነው። ዩቲዩብ ማየት ብፈልግማ ሶፋዬ ላይ ተጋድሜ አየዋለሁ። ለዚያ ከጎንደር አዘዞ ማረፊያ አውሮፕላን መሳፈር ምን አመጣው?

አንዴ ከጀመርኩ የቀረውንም ልጨምር። «ከቴያትር ቤቱ በእግር 5 ደቂቃ» ያላችሁት ሆቴል ያለው ከተማው ዳር፣ አያት ነው። አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ይስቃል። በእግር ቀርቶ በሚኒባስም መገናኛ ላይ ተሰልፎ ነው። ቦሌ ይቀበልዎታል የተባለው ሹፌር አልመጣም፣ ስልኩም ዝግ ነው። ቁርስ የተባለው ዳቦና ሻይ፣ ሻዩም የቀዘቀዘ። ይህን ሁሉ ችዬ ዝም ብዬ ነበር።

ቅዳሜ ግን ማንንም ሳልጠይቅ ሀገር ፍቅር ቴያትር ሄድኩ። መስኮቱ ላይ ከፈልኩ፣ ትኬቴን ቆረጡልኝ፣ ገባሁ። አለቀ። ቤቱ በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተ ነው፤ ዛሬም ትኬት መቁረጥ አላቃተውም። እናንተ ይህችኑ ለማድረግ ነው የአገልግሎት ክፍያ የተቀበላችሁኝ?

ከተመለስኩ በኋላ ያለውን እናንተም ታውቁታላችሁ። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ሌላ ቀን ሲስተም የለም፣ ሌላ ቀን «በሂደት ላይ ነው»። ቴሌግራም ላይ የጻፍኩት መነበቡ ይታያል፣ መልስ ግን የለም። አሁን በቅርቡ ደግሞ ያው ልጅ «የትኬቱን ብቻ እንመልስልዎት» አለኝ፣ ችሮታ የሚያደርግልኝ ይመስል። መጀመሪያ የጠየቅሁት እኮ የትኬቱን ብቻ ነበር! ያኔ ብትሰጡኝ ነገሩ እዚያው ይዘጋ ነበር። አሁን ግን አልቀበልም።

ስለዚህ የአውሮፕላኑ፣ የሆቴሉ፣ ያልመጣው መኪናና የአገልግሎት ክፍያው በሙሉ ይመለስልኝ። ጉዞው ለዚያች እሁድ የታሰበ ነበር፤ እሁዷ ከሌለች ሌላው ምን ያደርግልኛል? ይቅርታውም በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ፣ በእርስዎ ፊርማና ሙሉው በወጣ ማኅተም ይሁን። ልጁ ከሥራ ይባረር አላልኩም። ነገር ግን ደንበኛ ጋር ከማውራቱ በፊት አንድ ጊዜ ቴያትር ቤት ውሰዱት፣ ወጪውን እናንተ ቻሉት።

ሌላም አለ። ስከፍል ሕጋዊ ደረሰኝ አልተሰጠኝም፣ ያቺ ቁራጭ ወረቀት ብቻ ናት ያለችኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ለሸማች ደረሰኝ እንዲሰጥ ያስገድዳል። እስከ መጪው ዓርብ መልስ ካላገኘሁ ወረቀቷን ይዤ ንግድ ቢሮ እሄዳለሁ። እዚያ ደግሞ ወረፋ ቢኖርም እጠብቃለሁ፤ መጠበቅን እናንተው አስተምራችሁኛል።

ገንዘቡን በከፈልኩበት የባንክ ሂሳብ ላኩልኝ። ስልክ ቁጥሬንም ከማስታወቂያ ዝርዝራችሁ ላይ ሰርዙልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ የነበርኩት

ግልባጭ፦
ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት