የፕሮስቴት ኤምአርአይ ምርመራ ለምን አጠረ?

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከዚህ ወር ጀምሮ ጎንደር በሚገኘው ማዕከላችን የፕሮስቴት ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሣ የሰውነት ውስጥ ምስል) ለአብዛኛው ሰው ያለ ኮንትራስት መርፌ፣ ማለትም ምስሉን የሚያጎላ መድኃኒት ሳይወጋ፣ ይነሣል። ከ30 ደቂቃ በላይ ይወስድ የነበረው ምርመራ አሁን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃዋል። የመርፌው ወጪም ይቀርልዎታል።

«ቶሎ ካለቀ ጎደሎ አይሆንም ወይ?» የሚሉን አባቶች አሉ። ተገቢ ጥያቄ ነው። በ2025 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመው ፕራይም የተባለ ጥናት የፈተሸው ይህንኑ ነው። በ12 አገሮች የ490 ወንዶች ምስል መጀመሪያ ያለ ኮንትራስት፣ ቀጥሎ ከነኮንትራስቱ ተነበበ። አሳሳቢው ካንሰር በሁለቱም መንገድ ከ100 ሰው በ29ኙ ገደማ ተገኘ።

ይህ የሚሠራው ግን ምስሉ ጥራት ሲኖረው ነው። እኛም አጥብቀን የያዝነው እሱን ነው። ፕሮስቴት ከፊንጢጣ ፊት ለፊት ተጠግቶ ስለሚገኝ፣ እዚያ የተጠራቀመ አየር ምስሉን ያጣምመዋል። ስለዚህ ከመግባትዎ በፊት መጸዳጃ ቤት ይሂዱ። ማሽኑ ውስጥም አይንቀሳቀሱ። ምስሉ ከተበላሸ ያለ ተጨማሪ ክፍያ እንደግመዋለን። ከመተማ ወይም ከደባርቅ ድረስ የመጣን ሰው በማያስተማምን ምስል መሸኘት አንፈልግም። ሐኪምዎ ኮንትራስት ካዘዘ ግን እንሰጣለን።

ስለ ንባቡም እንንገርዎ። ኮምፒውተር አጠራጣሪውን ቦታ በመጠቆም ያግዛል። በ2024 እ.ኤ.አ. በወጣ ትልቅ ጥናት እንዲህ ያለ ሶፍትዌር ከ62 የራዲዮሎጂ ሐኪሞች አማካይ ውጤት በልጧል። የታካሚውን ታሪክ ይዘው በየሆስፒታሉ ከሚሠሩ ሐኪሞች ጋር ሲነጻጸር ግን እኩል መሆኑ አልተረጋገጠም። ስለዚህ የመጨረሻውን ሪፖርት የሚጽፈው ሐኪም ነው። የፒኤስኤ (ስለ ፕሮስቴት የሚደረግ የደም ምርመራ) ውጤትዎንና የቆየ ምስል ካለዎት ይዘው ይምጡ፤ ንባቡን በጣም ይረዳል። ሪፖርቱ ላይ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ያያሉ። 4 ወይም 5 ጥርጣሬው ከፍ ያለ ነው ማለት እንጂ ካንሰር ነው ማለት አይደለም። እሱን የሚለየው ከፕሮስቴት ትንሽ ቁራጭ ተወስዶ የሚደረገው የናሙና ምርመራ ነው።

አንድ ነገር አደራ። ማሽኑ ኃይለኛ ማግኔት ነው። በሰውነትዎ ውስጥ የቀረ ጥይት ወይም ፍንጣሪ ካለ፣ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም፣ ሳይደብቁ ይንገሩን። የልብ ምት ማስተካከያ ያለዎትም እንዲሁ። የአንገት መስቀልና ክታብ አብሮዎት ለመጣ ሰው ይስጡ።

ቀጠሮ የያዛችሁ በያዛችሁት ቀን ኑ፤ የሚቀየር ነገር የለም።

ከአክብሮት ጋር፣
የማዕከሉ ሠራተኞች