ከክኒኑ በኋላ የሚቀረው ሥራ

ለማኅበራችን አባላት፣ ጤና ይስጥልን።

ትራማዶልን፣ ሱስ የሚያስይዘውን የሕመም ማስታገሻ ክኒን፣ በራሳችሁ ውሳኔ በአንድ ጊዜ አትቁረጡ። ላቡ፣ ተቅማጡና እንቅልፍ ማጣቱ ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፤ ያኔ አብዛኛው ሰው ተሸንፎ ወደ ክኒኑ ይመለሳል። መጠኑን ሐኪም ቀስ በቀስ ይቀንስላችሁ። በቀን ከ400 ሚሊግራም ሲያልፍ ደግሞ እንደ ሚጥል በሽታ ሊያንቀጠቅጥ ይችላል።

ሰውነት ከጸዳ በኋላ የምክር ሕክምናው ይቀጥላል። ከባዱ ይህ ነው። ባለሙያው አምሮቱ የሚነሣበትን ሰዓት፣ ቦታና ሰው በደብተር ያስጽፋችኋል። «አርብ 11 ሰዓት፣ ደመወዝ ተቀበልኩ፣ ፒያሳ ከድሮ ጓደኛ ጋር ተገናኘሁ፣ ወገቤን አመመኝ» ብሎ የጻፈ ሰው አራት መነሻ አገኘ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ መልስ ይዘጋጃል፤ ለምሳሌ ደመወዙን ቤተሰብ ይያዝ፣ መንገዱ ይቀየር፣ ወገቡ በሌላ መድኃኒት ይታከም። ሕመሙ ሳይታከም ምክር ብቻውን አይበቃም። አምሮቱ ራሱ ብዙ ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ይበርዳል፤ ያን ጊዜ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ለምታምኑት ሰው ደውሉ።

ጠበል የምትሄዱ ሂዱ፤ ሐኪም ያዘዘውን ግን አታቋርጡ።

ለጥምቀት እንግዳ ይበዛል፣ መጠጥም እንደዚያው። ከማን ጋር ወጥታችሁ በስንት ሰዓት እንደምትገቡ ከወዲሁ ወስኑ።

ለቤተሰብ፦ አቋርጦ የከረመ ሰው የድሮውን መጠን ቢወስድ ሊሞት ይችላል፣ ሰውነቱ መልመዱን ትቷልና። ትንፋሹ ከዘገየ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ በጎኑ አስተኝታችሁ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱት። ምን እንደወሰደ ሳትደብቁ ተናገሩ።