ጋቢና የተቀመጠውም ነፍስ አለው

ለዝግጅት ክፍሉ፣

ሰሞኑን አንድ አንባቢያችሁ በአማተር የመኪና ውድድር ቀን ከሾፌሩ ጎን ሰው መቀመጥ ይከልከል ብለው የጻፉትን አነበብኩ። «መሪ የያዘው ፈልጎ ነው፣ ጎኑ ያለው ምን አጠፋ?» ይላሉ። ስጋታቸው ይገባኛል። መከልከሉ ግን አይዋጥልኝም። ታናሽ እህቴ ስትነዳ ጋቢና የምቀመጠው እኔ ስለሆንኩ ነገሩ በቀጥታ ይመለከተኛል። የምለው ይህን ነው፦ ሰው ይቀመጥ፣ ግን ለሾፌሩ የተደረገው ጥንቃቄ ሁሉ ለእሱም ይደረግለት።

በየመንገዱ ስለሚደረገው መሽቀዳደም አይደለም የማወራው። ከእግረኛና ከሕፃናት ጋር እየተጋፉ መብረር ወንጀል ነው፤ እሱን እዚህ አናምጣው። እኔ የማወራው ስለ ዝግ ትራክ ነው። አብዛኛው ሰው የሚመጣው በአዘቦት ቀን ሥራ በሚሄድበት መኪና ነው። ጠዋት ፍተሻ አለ። ስኮርታው፣ ክሪኩ፣ የእግር ምንጣፉ ሳይቀር ይወርዳል። አንድ የውሃ ላስቲክ ተንከባሎ ፔዳል ስር ከገባ ፍሬን መርገጥ የለም። የጎማ ብሎን ይጠብቃል። ከዚያ ስለ ባንዲራዎቹ ገለጻ ይሰጣል። ቢጫ አደጋ አለ፣ መቅደም የለም ነው። ሰማያዊ ከኋላህ የሚፈጥን መኪና መጥቷል ነው። ቀይ ከወጣ ሁሉም ያቆማል።

እህቴን እዚያ ብታዩዋት ሌላ ሰው ናት። ቤት የራሷን ቁልፍ ፈልጋ የማታገኝ ልጅ፣ እዚህ ደብተር ይዛ የአራቱንም ጎማ ንፋስ ለክታ ትጽፋለች። ከትራክ ስትወጣ ደግሞ እንደገና ትለካለች። ጎማው ሲሞቅ በውስጡ ያለው አየር ግፊቱ ይጨምራላ! የጠዋቱና የአሁኑ ቁጥር ይለያያል። ከፈለገችው ካለፈ ትንሽ ታስተነፍሰዋለች።

አንባቢያችሁ ፍጥነቱን ነው የፈሩት። እኔ ጋቢና ገብቼ መጀመሪያ ያስደነገጠኝ ፍሬኑ ነው። መታጠፊያው ገና ሩቅ እያለ፣ መሪው ቀጥ እንዳለ፣ አንዴ ጠበቅ አድርጋ ትይዘዋለች። ቀበቶው ደረትን ይጨመድዳል። ከዚያ መሪውን ስትጀምር ፍሬኑን ቀስ እያለች ትለቃለች። ጎማ መሬት የሚቆነጥጥበት አቅም ውስን ነው፤ ሁሉንም ለፍሬን ካዋለው ለመታጠፍ አይተርፈውም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ለመቆም የሚፈጀው ርቀት ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ይህን ወረቀት ላይ አውቀው ነበር። እኔ በተቀመጥኩበት በኩል ፔዳል የለም፤ እግሬ ግን ይህን አልሰማም፣ ወለሉን ይረግጣል። «ጋሼ፣ ወለሉን ልትበሳብኝ ነው» ትለኛለች።

ሄልሜት ተደርጎ፣ ሞተር እየጮኸ መነጋገር የማይታሰብ ነው። ስለዚህ ምልክት አለን። ዳሽቦርዱን ሁለቴ ከመታሁ ለምን ሳትል ታቀዘቅዛለች። ማቅለሽለሽ ከጀመረኝም ያው ነው። ለማቅለሽለሹ መድኃኒቱ እሷ የምታይበትን ማየት ነው፤ ሩቅ፣ የሚቀጥለው መታጠፊያ ላይ። ጉልበቱን ወይም ስልኩን የሚያይ ሰው ሁለት ዙር አይቆይም። (ስልክ ጭራሽ መግባት የለበትም፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።)

ጋቢና የተቀመጠ ሰው በዚህ ስፖርት ውስጥ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1911 አሜሪካ ውስጥ የመጀመሪያው የኢንዲያናፖሊስ 500 የመኪና ውድድር ሲካሄድ ከአንዱ በቀር ሾፌሮቹ ጎናቸው መካኒክ አስቀምጠው ነበር። ከመካኒኩ ሥራዎች አንዱ ወደ ኋላ እያየ ማን እንደመጣ ለሾፌሩ መንገር ነው። ሬይ ሃሩን የተባለው ሾፌር ግን ብቻውን ሆኖ፣ ስፖኪዮ ገጥሞ መጣ፤ ተቃውሞ ቢነሳበትም አሸነፈ። እ.ኤ.አ. በ1955 ደግሞ ስተርሊንግ ሞስ የተባለው ሾፌር ሚሌ ሚሊያ የሚባለውን የጣሊያን የአገር መንገድ ውድድር ሲያሸንፍ ጎኑ የነበረው ዴኒስ ጄንኪንሰን የሚባል ጋዜጠኛ ነው። መንገዱን አስቀድመው አጥንተው፣ እያንዳንዱን ኩርባ በጥቅል ወረቀት ላይ ጽፈውታል። ጄንኪንሰን ወረቀቱን እያዞረ በእጅ ምልክት ይመራዋል። ወደ 1,600 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ በ10 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ጨረሱት።

እርግጥ የአንባቢያችሁን ስጋት የሚደግፍም አለ። በዚያው ውድድር እ.ኤ.አ. በ1957 አንድ መኪና ጎማው ፈንድቶ ከመንገድ ሲወጣ ሾፌሩ፣ ጎኑ የነበረው ረዳቱና 9 ተመልካቾች ሞቱ። የድሮው ሚሌ ሚሊያ ከዚያ ወዲህ በዚያ መልኩ አልቀጠለም። ጎን የተቀመጠ ሰው ከሾፌሩ እኩል ነው የሚሞተው። እኩል ጥበቃ ይደረግለት የምለውም ለዚህ ነው።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። አንድ ቦታ አስተባባሪዎቹ ራሳቸው ባቀረቡት መኪና እህቴ እንድትነዳ፣ እኔም ጎኗ እንድቀመጥ ተባለ። የሾፌሩ ወንበር የውድድር ወንበር ነው። በሁለቱም ትከሻ የሚወርድ ሰፊ ቀበቶ፣ የአንገት መከላከያ፣ ሁሉ ነገር አለው። እኔ ጋ ስመጣ መኪናው ከፋብሪካ ይዞት የወጣው ቀበቶ ብቻ! ሄልሜቱን አጥልቄ ማሰሪያውን አጠበቅኩና ራሴን ነቀነቅኩ። እኔ ወደ ቀኝ ስዞር እሱ ግራ ቀርቷል። ስናገር «ሁለት ዙር እኮ ነው፣ ምን ችግር አለው?» አሉኝ። አልገባም አልኩ። እህቴም ቁልፉን መለሰችላቸው።

ያ የአንገት መከላከያ እንዲሁ ጌጥ አይደለም። ሃንስ ይሉታል። የሠራው ሮበርት ሃባርድ የተባለ የባዮሜካኒክስ ፕሮፌሰር ሲሆን አብሮት የደከመው ጂም ዳውኒንግ የሚባል ተወዳዳሪ፣ አማቹ ነው። መኪና ተጋጭቶ ድንገት ሲቆም አካል በቀበቶ ይያዛል፣ ራስ ግን ከነሄልሜቱ ወደ ፊት ይሄዳል፤ የራስ ቅሉ ሥር የሚሰበረው ያኔ ነው። ሃንስ ይህን ይይዛል። ፎርሙላ ዋን እ.ኤ.አ. በ2003 ግዴታ አድርጎታል። ታዲያ ሃንስ በሁለቱም ትከሻ የሚያልፍ ቀበቶ ከሌለ አይሠራም። ለተሳፋሪው ሃንስ ብቻ ሰጥቶ በተራ ቀበቶ ማሰር ለታይታ ነው። ለዚህም ነው ብዙ ክለቦች የሾፌሩ ቀበቶ ምን ዓይነት ከሆነ የጎኑም እንደዚያው ይሁን የሚል ደንብ ያላቸው። ሁለቱም ጋ የፋብሪካው ቀበቶ ከሆነ እሺ። ለአንዱ ምርጡ፣ ለሌላው የተረፈው ከሆነ ግን የለም።

ተሳፋሪው የጠዋቱም ገለጻ ላይ ይቀመጥ። እስካሁን ባየሁት ሾፌሩ ገብቶ ሲሰማ ጎኑ የሚቀመጠው ውጭ ሻይ ይጠጣል። መኪናው ትራክ ላይ ቢቆም መውረድ አለብኝ ወይስ ቀበቶዬን እንዳሰርኩ ልጠብቅ? ይህን ማወቅ ያለበት ሾፌሩ ብቻ ነው እንዴ?

በአንድ ነገር ከአንባቢያችሁ ጋር ሙሉ በሙሉ እስማማለሁ። ሰዓት ተይዞ ለውጤት ሲነዳ ጋቢናው ባዶ ይሁን። እህትም ወንድምም ይውረድ። ልጆች ደግሞ በየትኛውም ዙር አይግቡ። አብሮ መቀመጥ ለልምምድ ዙር ብቻ ይሁን።

ለምን ጨርሶ አይከልከል ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን ከቀትር በኋላ እህቴ ፍሬኑን ስትረግጥ ፔዳሉ ከወትሮው ዝቅ አለባት። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሲሆን ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴልሺየስ ሳይፈላ ይቆያል፤ እርጥበት ከያዘ ግን የሚጠበቅበት 155 ብቻ ነው። ሲፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉም ይላላል። ወዲያው እጇን አውጥታ አሳየች፤ ቀስ ብላ አንዱን ዙር ጨርሳ ወጣች። ዲስኩ እንደጋለ ስለነበር የእጅ ፍሬን አልያዘችም፤ እኔ ወርጄ ጎማው ስር እንጨት አስገባሁ። ሄልሜቷን አውልቃ «ብቻዬን ብሆን አንድ ዙር እጨምር ነበር» አለችኝ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «አንተ ስትኖር ሰዓቴን ትበላብኛለህ» ብላ ታማርራለች። ልብላባት!

ጎናቸው ሰው ሲኖር ጉራ የሚነሳባቸው ሾፌሮችም አሉ፣ አይቻለሁ። እነዚህን አስተባባሪው ከገለጻው ጀምሮ ያውቃቸዋል። ጥቁር ባንዲራ የተሰፋው ለእነሱ ነው፤ ጠርቶ ያስወጣቸው።

እናንተም ስለ ውድድር ቀን ስትዘግቡ አሸናፊውን ብቻ አታናግሩ። አስተባባሪዎቹን አንድ ነገር ጠይቁልን፦ ለሾፌሩ የገጠማችሁትን ቀበቶ ለጋቢናውም ገጥማችኋል ወይ? መልሳቸውንም እንዳለ አትሙት።

ከአክብሮት ጋር፣
ጋቢና የሚቀመጠው ወንድም